ሰኞና ሐሙስ

ቶኪዮ ውስጥ አንድ ዓመት የልውውጥ ተማሪ ሆኜ ኖሬያለሁ። ሰዎች ስለዚያ ዓመት ሲጠይቁኝ ስለ ፎቆቹ፣ ስለ ባቡሮቹ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስለማይጠፋው መብራት እንዳወራላቸው ይፈልጋሉ። እኔ ግን ቶኪዮ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለኝ አንድ የመንገድ ጥግ ነው። ከዶርማችን በር ሃያ እርምጃ ቢርቅ ነው። የመብራት ምሰሶ አለ። ምሰሶው ላይ ሰሌዳ ተለጥፏል። ከሥሩ የታጠፈ መረብ ተቀምጧል። የሰፈሩ ሰው ቆሻሻውን የሚያወጣው እዚያ ነው።

መረቡ ለቁራ ነው። የቶኪዮ ቁራ ግዙፍ ነው፤ ሰውም ብዙ አይፈራም። ከረጢት ቀዶ መንገዱን ሙሉ ያዝረከርከዋል። ስለዚህ ቆሻሻ ያወጣ ሁሉ መረቡን ገልጦ፣ ከረጢቱን ከትቶ፣ መልሶ አልብሶ ይሄዳል። በእኛ ሰፈር የሚቃጠለው ቆሻሻ ሰኞና ሐሙስ ነበር። ፕላስቲክ የራሱ ቀን አለው። ወረቀትና ጠርሙስም እንደዚያው። የማይቃጠለው በወር ሁለቴ ብቻ ይነሳል። ሁሉም ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት ወጥቶ ማለቅ አለበት። ከረጢቱም ውስጡን የሚያሳይ መሆን አለበት።

ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ያለኝን ሁሉ አንድ ላይ አጭቄ፣ በጥቁር ፌስታል፣ ማክሰኞ ዕለት አወጣሁት። ማታ ከትምህርት ስመለስ ጥጉ ጥርግ ብሏል። የእኔ ፌስታል ብቻ እዚያው ቁጭ ብሏል። ላዩ ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበታል። ማንበብ አልችልም፤ ግን ምን እንደሚል ገባኝ። በጣም አፈርኩ።

አንዲት አሮጊት ከማዶው ቤት ወጡ። ሰባውን ያለፉ ይመስላሉ። ትንሽ መጥረጊያ ይዘዋል። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ወደ ሰሌዳው ጠቆሙኝና ቀስ ብለው "ጌትሱ" አሉ። ቆየት ብለው "ሞኩ" አሉ። ሰኞ። ሐሙስ። እኔም ተከትያቸው አልኩ። ደገሙ፤ ደገምኩ። ከክፍል ውጭ የተማርኩት የመጀመሪያው ጃፓንኛ ይሄ ነው። ፌስታሌን አንጠልጥዬ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ሐሙስ ጠዋት ለይቼ፣ በሚያሳይ ከረጢት ይዤ ስወጣ እሳቸው እዚያው ነበሩ። መረቡን ገለጡልኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በወረቀት ነው ያለቁት። የመኖሪያ ካርዱን አየር ማረፊያው ላይ ይሰጣሉ። ቤት ከተገባ በኋላ ደግሞ በ14 ቀን ውስጥ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄዶ አድራሻ ማስመዝገብ ግዴታ ነው። ቶኪዮ መሃል ላይ 23 ወረዳዎች አሉ፤ ሁሉም የራሳቸው የተመረጠ ከንቲባ አላቸው። እኔ የኖርኩት ሱጊናሚ በሚባለው ወረዳ፣ አሳጋያ የሚባል ሰፈር ነው። ተራ ቁጥር ወስጄ ተቀመጥኩ። አንዱ መስኮት ወደ ሌላው ይልካል። አድራሻ፣ ከዚያ የጤና መድን፣ ከዚያ ጡረታ። ሃያ ዓመት የሞላው ሁሉ ለጡረታ ይመዘገባል፤ ተማሪ ከሆነ ግን ክፍያው እንዲቆይለት ማመልከት ይችላል።

ከሁሉም የከበደኝ የስልክና የባንክ ነገር ነው። ስልክ ለማውጣት የባንክ ሒሳብ አምጪ ይሉኛል። ባንክ ስሄድ ደግሞ መጀመሪያ የስልክ ቁጥር ያስፈልጋል ይሉኛል። አምስት ቀን እንዲህ ተመላለስኩ። ብቻዬን እወጣዋለሁ ብዬ ነው እንጂ ትምህርት ቤቱ የመደበልኝ ረዳት ተማሪ ነበረችኝ። በስድስተኛው ቀን ደወልኩላት። አብራኝ ሄደች። በአንድ ከሰዓት አለቀ። ለመሄድ የምትዘጋጁ ካላችሁ ይህችን ብቻ ያዙልኝ፤ በመጀመሪያው ቀን ደውሉ። እርዳታ መጠየቅ ያሳፍራል ብላችሁ አትቆዩ።

ስለ ስሜም ልናገር። ካርዱ ላይ ስሜ ፓስፖርቴ ላይ እንዳለው በላቲን ፊደል ተጽፏል። ጃፓኖች የሚጠራሩት በቤተሰብ ስም ነው። ስለዚህ በየመስኮቱ፣ በየክሊኒኩ፣ በየክፍሉ የሚጠራው የአባቴ ስም ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሲጠሩ ዝም ብዬ እቀመጥ ነበር፤ እኔን መሆኑ አይገባኝም። ኋላ ላይ ግን ወደድኩት። አባቴ አንድም ቀን ያልረገጠው ከተማ ውስጥ፣ ስሙ ላይ "ሳን" እየተጨመረበት፣ ቀኑን ሙሉ በአክብሮት ሲጠራ ይውላል። ደውዬ ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ "እስቲ እንዴት እንደሚሉት በይልኝ" አለኝ። አልኩለት። እንደገና በይልኝ አለኝ።

ቋንቋው ላይ ያልጠበቅሁት እገዛ ከፊደላችን መጣ። ሂራጋናና ካታካና የሚባሉት ሁለቱ የጃፓን ፊደላት እንደኛው አንድ ምልክት አንድ ሙሉ ድምፅ ይይዛል፤ ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ እያለ ይሄዳል። ሀሁ ለቆጠረ ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም። መሠረታዊዎቹ ሂራጋና 46፣ ካታካናም 46 ናቸው። በአንድ ወር ውስጥ ሁለቱንም ማንበብ ጀመርኩ። የክፍል ጓደኞቼ እንዴት ቻልሽበት ሲሉኝ የራሴን ፊደል ወረቀት ላይ ጻፍኩላቸው። ገበታው በሰፊው ተዘርግቶ ሲያዩት ዝም አሉ። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት አልረሳውም።

ካንጂ የሚባለው፣ ከቻይና የመጣው ጽሕፈት ግን ሌላ ነገር ነው። ለዕለት ተዕለት ጽሑፍ በመንግሥት የተመደቡት ብቻ 2,136 ናቸው። እሱን አንድ ዓመት አይበቃውም። የእኛዎቹ እነ ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ቀ ደግሞ ጃፓንኛ ውስጥ የሉም። ስሜ ውስጥ ያለችው "ጠ" በካታካና "ተ" ሆና ቀረች። ረዳቴ በትክክል ልጠራሽ ብላ አንድ ከሰዓት ሙሉ "ጠ" ስትለማመድ ዋለች። ማታ ላይ አንዴ ወጣላት። ሁለታችንም ጮህን።

ዩኒቨርሲቲው ታካዳኖባባ አካባቢ ነበር። ከአሳጋያ በብርቱካናማው የቹኦ መስመር ሺንጁኩ ድረስ፣ ከዚያ በአረንጓዴው ያማኖቴ ሁለት ጣቢያ። በወረቀት ሲያዩት ቀላል ነው። ሺንጁኩ ግን በዓለም ላይ ብዙ ሰው የሚያልፍበት ጣቢያ ነው። በቀን በሚሊዮን የሚቆጠር ተሳፋሪ ያስተናግዳል። መውጫው ከ200 ይበልጣል። የመጀመሪያ ቀን አርባ ደቂቃ ያህል እዚያው ውስጥ ዞርኩ። ሰው እንደ ወንዝ ይፈስሳል፤ ቆም ብሎ ሰሌዳ ማንበብ አይቻልም። ኋላ ዘዴ አገኘሁ። ወደ ግድግዳው ተጠግቶ መቆም ነው። ከግድግዳው አጠገብ ማንም አይገፋም። ከዚያ ሆኖ ቀለሙን መፈለግ ነው። አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ። ስሙን ማንበብ ያልቻለ ሰው በቀለም ይሄዳል።

ከዚያ ደግሞ ቅዳሜ መጣ። ብርቱካናማው ባቡር በሥራ ቀን አሳጋያ ይቆማል። ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓል ቀን ግን አይቆምም፤ ቢጫው ነው የሚቆመው። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። በመጀመሪያው ቅዳሜ ማታ ከሺንጁኩ ተሳፍሬ፣ ቦርሳዬን ይዤ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። ባቡሩ ፍጥነቱን አልቀነሰም። የሰፈሬ ትልልቅ ዛፎች በመስኮቱ ሽው ብለው አለፉ። ጣቢያው አለፈ። ቀጥሎ ኦጊኩቦ ላይ ወረድኩ። አንድ ጣቢያ ብቻ ነው ያለፈኝ፤ በእግር እንኳ ሩቅ አይደለም። ግን መሳፈሪያው ላይ ቆሜ ዕንባዬ መጣ። ቤትህ በዓይንህ እያየኸው ሲያልፍህ ከባድ ነው።

ዋናው ነገር ግን ባቡሩ አልነበረም። ስለ ብቸኝነት ብዙ ሰምቼ ነበር የሄድኩት። ሰው ማጣት ይመስለኝ ነበር። ቶኪዮ 14 ሚሊዮን ገደማ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት፤ ሰው የሚያጣ የለም። ዶርማችን ውስጥ ከኢንዶኔዥያ፣ ከፊንላንድ፣ ከብራዚል የመጡ ልጆች ነበሩ። ክፍል ውስጥ ጎኔ የሚቀመጥ አለ። ባቡር ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ነው የምንሄደው። የጎደለኝ ሌላ ነበር። የምጠበቅበት ቦታ አልነበረኝም። አንድ ጠዋት ከአልጋዬ ባልነሳ "ምነው ቀረች?" የሚል የለም። ትምህርቱ 90 ደቂቃ ነው። ብዙ መምህራን ያስተምራሉ፣ ተማሪው ይጽፋል፣ ሁሉም ዝም ብሎ ይወጣል። ብቀር ወረቀት ላይ አንድ ምልክት ትጎድላለች። በቃ።

የልውውጥ ተማሪ ደግሞ የመመለሻ ቀኑ ገና ሲመጣ የታወቀ ነው። የአገሬው ተማሪ ይህን ያውቃል። በአሥር ወር ከሚሄድ ሰው ጋር ጓደኝነት መጀመር ይከብዳል፤ አልፈርድባቸውም። እኛም ራሳችን እንደዚያው ነን። አንዳንዶቻችን ግድግዳችን ላይ ምንም ሳንሰቅል ከረምን።

በኅዳር አካባቢ እሑዶቹ እጅግ ከበዱኝ። ክፍሌ ውስጥ መዋል አልቻልኩም። የያማኖቴ መስመር ቀለበት ነው፤ ከተማዋን ዞሮ ተመልሶ ራሱ ላይ ይገጥማል። 34.5 ኪሎ ሜትር ነው። ጣቢያዎቹ እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ ተጨምሮባቸው 30 ሆነዋል። በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። እኔ በእግሬ ልዙረው አልኩ። በየእሑዱ አምስት አምስት ጣቢያ። ስድስት እሑድ ፈጀብኝ።

በእግር የታየችው ቶኪዮ ከባቡር የምትታየዋ አይደለችም። አብዛኛው መንገድ ስም የለውም። አድራሻው የሰፈር ስም፣ ከዚያ የክፍሉ ቁጥር፣ ከዚያ የብሎኩ፣ ከዚያ የቤቱ ቁጥር ነው። ስለዚህ ሰው መንገድ ሲጠይቁት የመንገድ ስም አይነግርም። አብሮ ይሄዳል። ሱጋሞ ላይ አንዲት ሴትዮ ከመንገዳቸው ወጥተው ሁለት ማዞሪያ ሸኝተውኛል። ከኮማጎሜ ወደ ታባታ ስሄድ በያማኖቴ መስመር ሁሉ አንድ ብቻ የቀረውን የባቡር ማቋረጫ አገኘሁ። ደወሉ ይጮኻል፣ እንጨቱ ይወርዳል፣ ሰው ብስክሌቱን ይዞ ይቆማል። ባቡሩ ያልፋል። ሳይነሳ ሌላው ይመጣል። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆሜ አየሁ። ዩራኩቾ ላይ እ.ኤ.አ. በ1910 ከተሠራው የጡብ ድልድይ ሥር ሄድኩ፤ ከላይ ባቡሩ ሲያልፍ ንዝረቱ እስከ እግርህ ድረስ ይሰማሃል። ሺናጋዋ ስደርስ ዝናብ መታኝ። በስድስተኛው እሑድ ሺንጁኩ ተመልሼ ስገባ መውጫዬን ሳልፈልግ አገኘሁት።

በዚህ መሃል ሰኞና ሐሙስ አልቀረም። ጠዋት ከረጢቴን ይዤ እወጣለሁ። አሮጊቷ መጥረጊያቸውን ይዘው አሉ። መጀመሪያ ሰላምታ ብቻ ነበር። ከዚያ ስለ አየሩ። "በረደ፣ አይደል?" ይላሉ፤ "በረደ" እላለሁ። ጃፓንኛዬ ከዚህ አያልፍም ነበር። ሰኞ ስንለያይ "እስከ ሐሙስ" ይላሉ። ሐሙስ ሲሆን "እስከ ሰኞ" ይላሉ። እኔ እንደ ተራ ሰላምታ ነበር የማየው።

ጃንዋሪ ላይ ታመምኩ። ረቡዕ ማታ ራሴን ይፈልጠኝ ጀመር። ሌሊት ትኩሳቱ 39 ደረሰ። ጠዋት ረዳቴ መጥታ ክሊኒክ ወሰደችኝ። መድኑ ስላለኝ ከክፍያው 30 በመቶውን ብቻ ነው የከፈልኩት፤ የዚያን ቀን የወረዳውን ወረቀት ሁሉ አመሰገንኩት። ሐኪሙ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝና ግራ ገባኝ። "ጋንጋን ነው ወይስ ዙኪዙኪ?" አሉኝ። ረዳቴ ስታስረዳኝ ደስ አለኝ። ጃፓኖች ሕመምን በድምፅ ነው የሚናገሩት። ጋንጋን እንደ መዶሻ ሲደበድብ ነው። ዙኪዙኪ ትር ትር ሲል ነው። ቺኩቺኩ እንደ መርፌ ሲወጋ። እኛስ? ቁርጥ ቁርጥ አደረገኝ እንላለን፤ ጥዝጥዝ ይላል እንላለን፤ ውግት አደረገኝ እንላለን። በእንግሊዝኛ ሕመሜን ስናገር ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጎድለኝ ነበር። ያን ቀን በማላውቀው ቋንቋ ሕመሜ በትክክል ተነገረልኝ። "ጋንጋን" አልኩ። ሐኪሙ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ከክፍል አትውጪ ተባልኩ። ቅዳሜም እሑድም ተኛሁ። የፊንላንዷ ልጅ በር ላይ ውሃ ታስቀምጥልኛለች። ከአሥራ አንድ ሰዓት በቀር ሰዓቱን አላውቅም። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሰፈሩ ውስጥ ባሉት ድምፅ ማጉያዎች የልጆች ዜማ ይለቀቃል፤ ልጆች ወደ ቤት የሚገቡበት ሰዓት መሆኑን ያስታውሳል። በየቀኑ ነው። እንደመጣሁ ሰሞን ስሰማው ደንግጬ ነበር። ኋላ ነው የተነገረኝ፤ ድምፅ ማጉያዎቹ ለአደጋ ጊዜ የተተከሉ ናቸው፤ መሥራታቸው የሚፈተሸው በዚያ ዜማ ነው። በሕመሜ ሳምንት ያንን ዜማ እጠብቀው ነበር። ሲመጣ አንድ ቀን አለፈ ማለት ነው።

ሰኞ ማታ በሬ ተንኳኳ። የዶርሙ ተቆጣጣሪ ናቸው። የወረቀት ቦርሳ ይዘዋል። ከማዶ ቤት ያሉት ሴትዮ ናቸው የላኩት አሉኝ። ውስጡ ሚካን ነበር፤ ልጣጩ በእጅ የሚላጠው ትንሹ የክረምት ብርቱካን። ከሥሩ በአራት የታጠፈ ወረቀት አለ። በትልልቅ ሂራጋና ተጽፏል። አንድም ካንጂ የለበትም። እንዳነበው ብለው ነው። "ሐሙስ አልወጣሽም። ሰኞም አልወጣሽም። ደህና ነሽ?" ይላል።

አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ደጋግሜ አነበብኩት። ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። በቶኪዮ ቆይታዬ ውስጥ እንደዚህ ያነበብኩት ነገር የለም። ለአራት ወር ያህል ማንም የማይጠብቀኝ መስሎኝ ነበር። ለካ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት፣ አንድ ጥግ ላይ እጠበቅ ኖሯል። "እስከ ሐሙስ" ሲሉኝ ቀጠሮ መስጠታቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ቀለለኝ። ትምህርቱም፣ ባቡሩም። ግድግዳዬ ላይ ካርታ ሰቀልኩ። በሳምንት ጥቂት ሰዓት ሥራ ጀመርኩ። ተማሪ ፈቃድ ካወጣ በሳምንት እስከ 28 ሰዓት መሥራት ይችላል፤ እኔ አሥሩን እንኳ አልሞላም። ገንዘቡ ብዙ አልነበረም። ግን ማክሰኞና ዓርብ ብቀር "ምነው?" የሚል ሌላ ቦታ አገኘሁ። ሥራ የገባሁት ለዚያ ነው ብል አላጋነንኩም።

በማርች አንድ ሌሊት ስልኬ በማላውቀው ድምፅ ጮኸ። የሁላችንም ስልክ አንድ ላይ ነው የጮኸው። ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ አልጋዬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መሬቱ እንደ ጀልባ ነው የሚወዛወዘው። ጠረጴዛ ሥር ገባሁ። ሲያልቅ ሁላችንም ኮሪደር ላይ ተገናኘን፤ ግማሹ በባዶ እግሩ ነው። ጃፓኖች መንቀጥቀጡን የሚለኩት እያንዳንዱ ቦታ ላይ በተሰማው ልክ ነው። መለኪያው ከ0 እስከ 7 ነው፤ 5 እና 6 ለሁለት ለሁለት ስለሚከፈሉ በጠቅላላው አሥር ደረጃ ይሆናል። የእኛ ሰፈር 3 ነበር። የዶርሙ ተቆጣጣሪ "3 ነው፣ ተኙ" ብለውን ሄዱ። እኔ አልተኛሁም።

ጠዋት ሐሙስ ነበር። አሮጊቷ እዚያው ናቸው። "ፈራሽ?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው። እጄን ያዙኝ። ከዚያ በፊት ነክተውኝ አያውቁም። እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2011 የሆነውን ነገሩኝ። የዚያን ቀን ከሰዓት መሬቱ ሲናወጥ የቶኪዮ ባቡሮች ቆሙ። ሰው በእግሩ ወደ ቤቱ መመለስ ጀመረ፤ መንገዱ ሁሉ በሚሄድ ሰው ተሞላ። ወንድ ልጃቸው ከሺናጋዋ ተነስቶ ደጃቸው የደረሰው እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው። እሳቸው እስከዚያ ሰዓት መንገዱ ጥግ ላይ ቆመው ነበር። እዚህ፣ አሉኝ። ምሰሶውን በእጃቸው ነኩት።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት ይዘውኝ ሄደው የመሸሸጊያችንን ቦታ አሳዩኝ። የሰፈሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ውሃ፣ ባትሪ፣ ካርድሽን በአንድ ቦርሳ በር ሥር አስቀምጪ አሉኝ። እናቴ አጠገቤ ብትኖር የምትለኝን ነው ያሉኝ። የቶኪዮ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ቸል አይልም። እ.ኤ.አ. በ1923 ሴፕቴምበር 1 ቀን ከተማዋን ያወደመው መንቀጥቀጥ የደረሰበት ዕለት ዛሬም በየዓመቱ የአደጋ መከላከያ ልምምድ የሚደረግበት ቀን ነው።

የመጨረሻው ወር በፍጥነት አለፈ። ኦገስት መጀመሪያ ላይ አሳጋያ የታናባታ በዓል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የሚከበር ነው። ጣራ ያለው የገበያ መንገድ ከዳር እስከ ዳር በወረቀት በተሠሩ ትልልቅ አሻንጉሊቶች ይሸፈናል። ሙቀቱ ያፍናል። ከረዳቴና ከዶርሙ ልጆች ጋር ሄድን። እሷ አሁንም "ጠ" ትላለች፤ ስሜን በሰው መሃል በትክክል ትጠራለች።

ከዚያ ያስመዘገብኩትን ሁሉ ማስሰረዝ ጀመርኩ። ስልክ፣ ባንክ፣ መድን፣ አድራሻ። ያ መስኮት፣ ያ ተራ ቁጥር። አሁን ግን የሚሉኝ ይገባኛል። መደርደሪያዬ ትልቅ ቆሻሻ ከሚባለው ስለሆነ ቀን ማስያዝና የሚለጠፍበትን ባለ 200 ወይም ባለ 300 የን ወረቀት መግዛት ነበረብኝ። ሳልጥለው ግን ከእኔ ቀጥሎ ለምትገባው ተማሪ ተውኩላት። የቆሻሻውን ካላንደርም መደርደሪያው ላይ ለጠፍኩላት። ሰኞንና ሐሙስን በቀይ አከበብኩ። ከሥሩ "ቅዳሜና እሑድ ብርቱካናማው አይቆምም፤ ቢጫውን ያዢ" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ደግሞ "ከማዶ ያሉትን እናት ሰላም በያቸው" ብዬ ጨመርኩ።

በረራዬ ቅዳሜ ነበር። ሐሙስ ጠዋት የመጨረሻውን ከረጢት ይዤ ወጣሁ። ሲካዳ የሚባሉት የበጋ ነፍሳት ገና በማለዳው ይጮኻሉ። አሮጊቷ ነጭ ኮፍያ አድርገው እየጠረጉ ነው። እንደምሄድ ያውቃሉ፤ በዋዜማው ቤታቸው ጠርተው ሻይ አጠጥተውኛል። መረቡን ገለጡልኝ። ከረጢቱን አስገባሁ። አብረን አለበስነው። ጥጎቹን በድንጋይ ያዙ።

"እንግዲህ እስከ ሰኞ" አሉ።

ወዲያው ታወቃቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሁለታችንም ዝም አልን። ጎንበስ አልኩና፣ ዓመቱን ሙሉ እንደማደርገው፣ "እሺ፣ እስከ ሰኞ" አልኳቸው።